ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር

ውድ አባዬ፣

ታውቅ ነበር።

ይህን የምጽፍልህ ከሥራ ጠረጴዛህ ላይ ነው። የመብራቱ አንገት አሁንም አይቆምም፤ አንተ እንደምታደርገው በሽቦ አስሬዋለሁ። ከተቀበርክ ሦስት ሳምንት ሆነ። አክስቴ ግዌንዳ፣ "ቤቱን የማስረክብበት ቀን ደረሰ፤ መኪኖቹን አንቺ ካልነካሻቸው ማን ሊነካቸው ነው?" ብላ ቁልፉን ሰጠችኝ። አራት መቶ አሥራ ሁለት የብረት አሻንጉሊት መኪና አለህ። ከእያንዳንዷ ሥር በዚያ ቀጥ ባለ የእጅ ጽሕፈትህ የተጻፈ አንድ ካርድ። መኪና ያለ ካርዷ ከቦታዋ አትነሳም የሚለው ሕግህ ገና በዚህ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ እኔም ሳላስበው ጠበቅሁት። ሰማያዊዋ ቫን ጋ የደረስኩት መጨረሻ ላይ ነው። ካርዷን አነበብኩ፣ ደግሜ አነበብኩ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ካርዱ ላይ ምን እንዳለ ታውቃለህ። ቢሆንም ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገርህ። በሕይወትህ አልሰማኸኝም፤ አሁን የምትሄድበት የለህም።

ሰማያዊዋን ቫን እናትህ ለገና አመጣችልህ። እዚሁ የአሻንጉሊት መኪና ፋብሪካው ውስጥ ጎማ ከሚያስገቡት ሴቶች አንዷ ነበረች። ሰማያዊ ቦዲ፣ ቢጫ ቸርኬ፣ ጎኗ ላይ የዳቦ ቤት ማስታወቂያ። በዚያ ቀለም የተሠራችው ለአንድ ገና ብቻ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላህ እናትህ "አሁንማ ትልቅ ሰው ሆነሃል" ብላ ለቤተ ጸሎቱ የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ሰጠችብህ። በዚህ በስዋንዚ ካንተ እኩዮች ግማሾቹ እናታቸው የሰጠችባቸውን መኪና ሲፈልጉ ነው ያረጁት። ፋብሪካው ተዘግቶ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ የድሮዎቹ መኪኖች እንደገና ተሠርተው መውጣት ሲጀምሩ፣ ብዙዎቹ ዳግም ምርቱን ገዝተው ተጽናኑ። አንተም ገዛህ። ከመደርደሪያህ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ዳግም ምርት ነው፤ ካርዱ ላይ በቀይ ቀለም "ዳግም ምርት" ብለህ ትጽፋለህ፣ አላፈርክበትም። ቫኗ ግን ዳግም ስትወጣ አረንጓዴ ሆና ወጣች፣ በቀይ ቸርኬ። እሷን አንስተህ አይተህ መልሰህ አስቀመጥካት። "ስሟ የእሷ ነው፤ እሷ ግን አይደለችም" አልክ።

ኮፒ ንቀህ አታውቅም። የምትንቀው ውሸትን ነበር፣ ወይም እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነው ያደግሁት። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ የእሳት አደጋ መኪናውን መሰላል ጠግኜ ሳመጣልህ ወደ መብራቱ አስጠግተህ አገላበጥካት። ጎበዝ ትለኛለህ ብዬ ጠበቅሁ።

"ፊርማሽስ?" አልከኝ።

"የምን ፊርማ?"

"ያደስሽውን ካልፈረምሽበት ነገ ሌላ ሰው ይታለልበታል።" መርፌ ሰጥተኸኝ ከሻንሲው ውስጥ የስሜን የመጀመሪያ ፊደላት አስጫርከኝ። ካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የጥንት ብረታ ብረት ጥገና ስማር፣ መምህሯ ይህንኑ ሕግ በሰሌዳው ላይ ስትጽፍ እኔ አልጻፍኩም። ምን ብዬ ልጻፍ፤ የማውቀው ነገር ነው።

ኢዋንን ወደ ቤትህ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይህንን ጥፋት እወስዳለሁ። አብረን ስንኖር ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር፤ በየወሩ ዐውደ ርዕይ ላይ ጠረጴዛ ይዞ ይሸጥ ነበር፣ አንተም ቀልዱን ትወድለት ነበር። ሰባኛ ዓመትህ ሲቃረብ፣ "አረንጓዴዋን ሰማያዊ አድርጊለት" አለኝ። "ኮፒ መሆኗን ራስሽ ትነግሪዋለሽ፣ እሱ ያለቅሳል፣ እኛ ኬክ እንበላለን።" አራት ወር ፈጀብኝ። ሆዷን ከቦዲዋ የያዘውን ሪቬት ሰርስሬ ከፈትኳት፣ ቀለሟን አነሳሁ። ሰማያዊውን ስድስት ጊዜ ቀላቀልኩ፤ ስድስተኛው ላይ ያ አንተ "ከዝናብ በኋላ የመምብልስ ባሕር" የምትለው ሰማያዊ መጣ። ቢጫ ቸርኬዎቹን ከተሰባበሩ መኪኖች አንድ በአንድ ለቀምኩ። ከመዝጋቴ በፊት ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር በመርፌ ጻፍኩ፦ ኔ.ፕ. 2022። ኢዋን "ሳጥኗን እኔ አሠራላታለሁ" ብሎ ወሰዳት።

ማርች ስድስት፣ እሑድ። የወሩ ዐውደ ርዕይ የሚካሄድበት የረግቢ ክበቡ አዳራሽ እርጥብ ኮትና ሻይ ይሸታል። ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዤ ስገባ ሰዎች ኢዋን ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስበዋል፣ መሐላቸው አንተ ቆመሃል። ቫኗ መዳፍህ ላይ ናት። ጮክ ብለህ ትስቃለህ።

"አይቨር፣ ቀስ በል" አለህ አንዱ፤ "ለልብህ ዳግም ምርት አይወጣለትም።"

"ከአንዲት አሮጊት ቤት ጣሪያ ሥር ነው ያገኘኋት" ይል ነበር ኢዋን።

ሚስተር ቤቫን፣ የአሻንጉሊት መኪና ሰብሳቢዎች ማኅበሩ ጸሐፊ፣ በመነጽራቸው በላይ አዩህና፣ "እርግጠኛ ነህ? ኦርጅናል ናት?" አሉህ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ የተጠራጠረውን መኪና ላንተ እያመጣ ያስመረምር ነበር። አንድ ጊዜ ገለበጥካት። "ሞሪስ፣ እነዚህን እጆች ኮፒ አያልፋቸውም" አልካቸው፣ ቫኗን ከራስህ በላይ ከፍ አደረግህ፣ አጨበጨቡልህ። ኢዋን የከፈልከውን ገንዘብ ኪሱ ከትቶ በሰዉ ትከሻ አሳልፎ ጠቀሰኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ይኸው በጽሑፍ አምናለሁ፤ የእኔን ድርሻ ደብቄ ያንተን ብቻ ልከስ አልተቀመጥኩም። እንደዚያ ስትስቅ እናቴ ከሞተች በኋላ አይቼህ አላውቅም ነበር። ቤት ስንገባ ኢዋን ላይ ጮህኩ። "ሂጂ ንገሪው እንግዲህ" አለኝ ጫማውን እያወለቀ። "ሽማግሌውን በአገር ሁሉ ፊት መሳቂያ አድርጊው። ደፋር አይደለሽ እንዴ?" ደፋር ነኝ ብዬ አስብ ነበር። አሥራ ሦስት ቀን ዝም አልኩ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ማርች አሥራ ዘጠኝ፣ ልነግርህ መጣሁ። ወጥ ቤትህ ውስጥ ተቀምጠን ቫኗ በስኳሩና በዳቦው መካከል ነበረች። ወደ እኔ አዞርካት። "ሥራዋን እይው እስቲ" አልከኝ፣ እኔም አየሁ። ሻይህን ጠጥተህ ስትጨርስ፣ "ምንም የምትነግሪኝ የለም?" አልከኝ።

"የለም። ወተት ጨርሰሃል፤ ልግዛልህ?"

"ግዢልኝ።"

ወተቱን ገዝቼ በሩ ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። አልገባሁም።

በዚያው ሳምንት ፎቶህ በማኅበሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ ቫኗን እንደያዝክ። ከብሪስቶል አንድ ሰው ጻፈ፤ የበሩ መርገጫ የዳግም ምርቱ ነው አለ። ኤፕሪል ሁለት ጉባኤ ተጠራ። ሚስተር ቤቫን የጥርስ ሐኪም መስታወት አስገብተው ከመቀመጫው ሥር ያለውን ጮክ ብለው አነበቡ።

"ሌባዋ ፊርማዋን ትታልናለች" አለ ከኋላ አንዱ፣ ሳቁ።

"የሚያጭበረብር ሰው ይፈርማል?" አልኩ። "የፈረምኩት ማንም እንዳይታለል ነው። የተማርኩት ከዚህ ሰው ነው።" ወደ አንተ አመለከትኩ። ኢዋን ተነሳ፦ "እኔ ነጋዴ ነኝ። እሷ ኦርጅናል ናት ብላ ሰጠችኝ፣ እኔ ሸጥኩ።" እንዲህ ሲል ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። ሚስተር ቤቫን ወደ አንተ ዞረው፣ "አይቨር፣ የምትለው አለህ?" አሉ። አንተ እጆችህን ታይ ነበር፣ እነዚያን ኮፒ የማያልፋቸውን እጆች።

"የለኝም" አልክ።

ደረጃው ላይ ይዤህ፣ "አባዬ፣ አንተ ግን ታምነኛለህ?" ብዬ ጠየቅሁህ። "ዝናቡ ሳይጠነክር ሂጂ" አልከኝ።

ማኅበሩ ዕድሜ ልክ አገደኝ። ለምሠራበት ሙዚየም ደብዳቤ ጻፉ፤ ሙዚየሙም ውሌን አላደሰም። በማጭበርበር ስሟ ለተነሳ ጠጋኝ የሺህ ዓመት ጽዋ የሚሰጥ የለም፤ እኔም ብሆን አልሰጥም። አሁን ገበያው ውስጥ ቁልፍ እቀርጻለሁ። ሰዎች ቁልፍ ይሰጡኛል፣ ኮፒ እሠራለሁ፣ አመስግነው ይሄዳሉ። ኢዋን ዐውደ ርዕዩ ላይ አሁንም ጠረጴዛ አለው፣ ከበሩ ሦስተኛው።

ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም። እኔ የማስበው ይህን ነበር፦ አባቴ ተታሏል፣ ተጎድቷል፣ ልጄ አጭበረበረችኝ ብሎ አምኗል። ይህን መሸከም ከባድ ነበር፣ ግን ይሸከማሉ። ስህተት ይቅር ይባላል። አንድ ቀን ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር ያለውን ደግሞ ያየዋል፣ የራሱን ሕግ ያስታውሳል፣ ስልክ ይደውላል እል ነበር።

ዛሬ ካርዱን አነበብኩ።

"ማርች 14 ቀን 2022። ዳግም ምርት። ቀለሙ በእጅ፤ ከዚህ የተሻለ ሥራ አላየሁም። ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር፦ ኔ.ፕ. 2022። የልጄ እጅ።"

"ዳግም ምርት" የሚለው በቀይ ነው፣ እንደ ሕግህ። ማርች አሥራ አራት። ወተት ልግዛልህ ካልኩህ አምስት ቀን በፊት። ከጉባኤው አሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት። ለካርድ መዋሸት አልቻልክም፤ ያንን ማድረግ ከአቅምህ በላይ ነበር። በእኔ ላይ ዝም ማለት ግን ቻልክ። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች የምትጠበቅብህ። "ፈርማበታለች፣ እኔም ከሳምንታት በፊት አይቼዋለሁ" ብትል እኔ ነፃ ነበርኩ፤ አንተ ደግሞ በአዳራሹ ፊት አንድ ጊዜ የተሳሳትክ ሰው ትሆን ነበር። ሁለቱን መዝነህ እኔን ጣልክ።

ዛሬ ከሰዓት ሚስተር ቤቫን መጡ። ነገ በአዳራሹ የመታሰቢያ ዐውደ ርዕይ ያዘጋጁልሃል፤ ስሙን "የአይቨር ዓይን" ብለውታል። መኪኖቹን ሊያዩ ነው የመጡት። ካርዱን ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ይኸው መጣ አልኩ በልቤ፤ ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ይኸው መጣ።

"አውቆት ነበር" አሉ። "ግዌንዳ፣ ነይ እዪ። ስምንት ቀን ብቻ ነው የፈጀበት። እኔ ብዬ አልነበር? አይቨርን ማንም አያታልለውም።"

"እኔስ፣ ሚስተር ቤቫን?"

"አንቺ ምን?"

"ፈርሜበት ነበር። እሱም ያውቅ ነበር። እርስዎ ደግሞ ለሙዚየሙ ጻፉ።"

ቫኗን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ያዩ ነበር። "እሱማ ያለፈ ነገር ነው፣ የኔ ልጅ" አሉ። "ባለቤቱ እንኳ አፈር ገብቷል። ይህችን ከካርዷ ጋር መሐል ጠረጴዛ ላይ ነው የምናደርጋት። ጠዋት መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።" ሲወጡ አክስቴን አቀፏት።

ያየኸው እንደሆነ አላውቅም፣ አባዬ፣ እኔ ግን ዛሬ ነው ያየሁት፦ እውነቱ ቢወጣ እንኳ የሚያድነው አንተን ነው።

አክስቴ በሩን ዘግታ መጣች። "ተይው ኔስታ። ሙት አይከሰስም።"

"እኔስ? ቁሜ አይደለም የተቀበርኩት?"

"አውቃለሁ።" ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። "በመጨረሻው ሳምንት 'ወተቱን ይዛ መጣች?' እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ትርጉሙ አልገባኝም።"

ይህን ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። እንድትናገር የፈለግሁት አዳራሹ ውስጥ ነበር፣ ጆሮዬ ባለበት። ለግዌንዳ የተናገርከው፣ ለካርድ የጻፍከው ሁሉ እኔ የሌለሁበት ቦታ ላይ ነው። ልጠይቅህ፣ ልጮህብህ፣ እንድትጮህብኝ ፈለግሁ፤ የቀረኝ መሳቢያ ሙሉ ካርድና ያንተ እስክሪብቶ ብቻ ነው።

በእስክሪብቶህ ጻፍኩ። ካርዱ ላይ ከመስመርህ ሥር ሁለት ጣት የሚሆን ባዶ ቦታ ትተሃል። እንዲህ አልኩ፦ "ኤፕሪል 2 ቀን 2022። ከላይ ያለውን የጻፈው ሰው በጉባኤው ተቀምጦ የምትለው አለህ ተብሎ ተጠየቀ። የለኝም አለ። ኔ.ፕ. 2024።" በቀይ አይደለም፣ በጥቁር። ዳግም ምርት አይደለም፣ እንደሆነው የሆነ ነው።

ግዌንዳ በትከሻዬ በላይ አነበበችው። ትቀደዋለች ብዬ ነበር። ሻይ ልታፈላ ሄደች።

ጠዋት ሚስተር ቤቫን ይመጣሉ። መኪና ያለ ካርዷ አትነሳም። ወይ ሁለቱንም ይወስዳሉ፣ ወይ በአንተ ስም በተሰየመ ዐውደ ርዕይ ያንተን ሕግ ይሰብራሉ። የሚሰብሩ ይመስለኛል። ካርዱን ኪሳቸው ከተው ቫኗን ብቻዋን ያስቀምጣሉ፣ ሰዎችም ያጨበጭባሉ፣ ኢዋንም ያጨበጭባል። እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ እገዳው አዳራሹን እንጂ ዝናቡን አይጨምርም። የሚገባ ሰው ሁሉ ያየኛል። ሥራዬን አይመልስልኝም፣ ስሜን አይመልስልኝም፣ አንተንም አይመልስልኝም። ቢሆንም እቆማለሁ።

ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም። አልፈርምበትም። ሌላ ደብዳቤም አልጽፍልህም፤ የምነግርህ ነገር ነበረኝ፣ ዘግይቼም ቢሆን ነገርኩህ። ይህን ደብዳቤ አጥፌ ባዶ ሳጥኗ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ያ ኢዋን ያሠራላት ሳጥን ውስጥ። ሳጥኑ ራሱ ውሸት ነው፤ በውስጡ ያለው ግን አይዋሽም።

የልጅህ እጅ፣
ኔ.ፕ. 2024