ለግራ እግር ሥራ የሌላት መኪና

ለውድ ወንድሜ ለአብዱረዛቅ አብዱልሃዲ
ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድምዬ፣ ጤናህ እንዴት ነው? ያ ጉንፋን ለቀቀህ? ምግቡስ፣ ውሃውስ ተስማማህ? አብረውህ የሚያድሩት የአገር ልጆችስ ደህና ናቸው? ከሮቢት ሙቀት አመልጣለሁ ብለህ ሄደህ ከዚያ የባሰ ሙቀት ውስጥ መግባትህን እማዬ እስከ ዛሬ ማመን አቅቷቸዋል፤ ሰው እንዴት ከእሳት ሸሽቶ እሳት ውስጥ ይገባል ይላሉ። እኛ በአላህ ፈቃድ ሁላችንም በሕይወት አለን። ናፍቆትህ ነው እንጂ የጎደለብን፣ ሌላውን አልሐምዱሊላህ ብለን ይዘነዋል።

ዘንድሮ ዝናቡ ራርቶልናል። ማሽላው ጥሩ ያዘ፣ ማሾውም ቤት ገብቷል፣ የሽንኩርቱ መደብ ከወንዙ ዳር አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ ዓይን ያጠግባል። ባለፈው ዓመት ያን ሁሉ የተራበ ሰው በደጃችን ሲያልፍ እያየን ከርመን፣ ዘንድሮ እሸት መቅመሱ እንኳ አሳፈረን። እማዬ የመጀመሪያውን እሸት ለመንገደኛ ካልሰጠሁ አልቀምስም ብለው መንገድ ዳር ቆመው ሰው ሲጠብቁ ዋሉ። እሳቸው እንዲህ ናቸው፣ ታውቃቸዋለህ።

ደብዳቤህ በደረሰን ቀን ሱቄን በግማሽ ዘግቼ ወደ ቤት ሮጥኩ። ጠቅልዬ ልመጣ ነው የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ እማዬ እልልታቸውን አቅልጠው ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰቡት፤ የቀረውን ያነበብኩት ለሰፈሩ ነው ማለት ይቻላል። ፈቃዱም ቀረጡም አልቆልህ አንዲት ትንሽ አዲስ የጃፓን መኪና በመርከብ አሰብ ወደብ ድረስ ይዘህ እንደምትመጣ፣ ነጋዴው ዘንድ ሁለት እንደቀረቡልህ፣ ነጯ እንደለመድነው ፍሪሲዮን እየተረገጠ ማርሿ በእጅ የሚቀየር፣ ሰማያዊቷ ደግሞ ማርሹን ራሷ የምትቀያይር አውቶማቲክ እንደሆነች፣ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት የቱን ልያዝ ብለሽ አባባን አማክሪልኝ እንዳልከኝ፣ ይህን ሁሉ ሰፈሩ ሰማ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሮቢት ሌላ ወሬ የለም።

ተክሌን ታስታውሰዋለህ፣ አባባ ጭነት መኪና ሲነዱ ረዳታቸው የነበረውን፤ አሁን መንገድ ዳር ጥላ ዘርግቶ መካኒክ ሆኗል። አውቶማቲክ የሚለውን ስም ሲሰማ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ የዚያችን ሆድ ከፍቶ የሚገጥም ሰው ከአዲስ አበባ ወዲህ የለም፤ ከተበላሸች የዶሮ ማደሪያ ታደርጓታላችሁ አለ። የቀበሌው ጓድ ንጉሤ በበኩሉ ስብሰባ ላይ ያለ መስሎት፣ ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት አገር ብዙ የምትጠጣ መኪና ማምጣት ሰፊውን ሕዝብ አለማሰብ ነው ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። ባለሆቴሏ እትዬ ወይንሸት ደግሞ፣ ማርሽ የማይቀየርበት መንዳት ምኑን መንዳት ሆነ፣ ተቀምጦ መሄድ ከሆነ አውቶቡስ አለ አሉ።

አባባም ከዙህር በኋላ ጫታቸው ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተመካከሩ። እንደምታውቀው እዚያ የተመከረ ነገር ዱዓ ሳይደረግበት አይነሳም። ዱዓው ተደረገ፣ አሚን ተባለ፣ ከዚያ አባባ ጠሩኝና ማርሽ ያላትን ያምጣ ብለሽ ጻፊለት አሉኝ። ምክንያታቸውንም ጨምሬ እንድጽፍልህ አዘዋል። የጣርማ በርን ቁልቁለት መውረድ መኪናዋን በሁለተኛ ማርሽ ይዞ ነው እንጂ በፍሬን ብቻ አይደለም። ባትሪዋ ቢደክም ማርሽ ያላትን ገፍቶ ማስነሳት ይቻላል። መለዋወጫውም የሚያውቃት ሰውም እዚሁ አለ። ይኸው፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። አሁን ደግሞ የእኔን ስማ።

አባባ ጉልበታቸውን ከተጎዱ ወዲህ ዱላ ይዘው ይራመዳሉ ብለን ጽፈንልሃል፤ እውነት ነው። ያልጻፍንልህ የግራ ጉልበታቸው እንደማይታጠፍ ነው። በአሰብ መንገድ ሚሌ ላይ ጎማ ሲቀይሩ መኪናውን ያነሳው ክሪክ ሸርተት ብሎ መኪናው የተጫናቸው ጊዜ፣ ሐኪሙ ቀስ እያለ ይፈታል ብሎን ነበር፤ አልተፈታም። በሰው አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይጻፍለትም ብለው የከለከሉን እሳቸው ናቸው። ሲቀመጡ እግራቸውን ወደፊት ዘርግተው ነው፣ ሶላታቸውንም በርጩማ ላይ ሆነው ነው የሚሰግዱት። ፍሪሲዮን የሚረግጠው ያው የግራ እግር እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። ጠዋት ጠዋት ሱቄ ደጃፍ ይቀመጡና ወደ አሰብ የሚወርደውን፣ ከአሰብ የሚመጣውን ተሳቢ ያያሉ። ድምፁን ብቻ ሰምተው፣ ይሄ ሰው ማርሹን አዘገየው፣ መኪናውን አስጨነቀው ይላሉ። እኔ ስኳር እየመዘንኩ እሰማቸዋለሁ።

አሁን የምጽፍልህ ባለፈው ሰኔ የሆነ ነው። በዚያ ክፉ ጊዜ የእርዳታ መኪና በዚህ መንገድ እንደ ጉንዳን ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ትንሽ የቢሮ መኪና እትዬ ወይንሸት ሆቴል ደጃፍ ቆማ አልነሳ አለች። ሾፌሯ ግርማ የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ነው፤ ወባ ጥሎት ሆቴሉ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። እንግዲህ የአገርህን አመል ታውቀዋለህ። ሮቢት ውስጥ መኪና ቆሞ ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ ጋሪ ነጂው ጋሪውን፣ ሽንኩርት ሻጩ ሽንኩርቱን ትቶ ይገፋል። ምን ሆና ነው ብሎ መጠየቅ ከተገፋ በኋላ ነው። ሰዉ ተሰበሰበ፣ መሪ የሚይዝ ሲጠፋ ጋሽ አብዱልሃዲ ይያዙልን ተባለ። አባባ በሽተኛውን ጠይቀው ሲወጡ ነበር ያገኟቸው። ተቀመጡና ግራ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው ወደ ውስጥ አስገቡ።

ገፏት። እስከ ሮቢ ድልድይ ገፏት፣ አልተነሳችም። አዙረው ገፏት፣ አልተነሳችም። ደግመው ወደ ድልድዩ መለሷት። አባባ በመስኮት ብቅ ይሉና እስቲ ትንሽ ጨመር አድርጉ ይላሉ፤ ሰዉ ይጨምራል። የሰኔን ፀሐይ ታውቃታለህ፤ ጓድ ንጉሤ ሳይቀር ካኪ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ ይገፋ ነበር። እኔ ከሱቄ ወጥቼ ሳይ ግን ዓይኔ ያረፈው ከሚገፉት ላይ አልነበረም። አባባ ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው፣ ኮፍያቸው ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ፣ ፊታቸው በርቷል። ልጆች ሳለን ጭነት መኪናው ላይ ጎናቸው አስቀምጠውን ወደ ደሴ ሲሄዱ የነበራቸው ፊት ነው። ያን ፊት ከሚሌ ወዲህ አላየሁትም ነበር።

በመጨረሻ ተክሌ መላ መጣለት፤ ከቆመ የጭነት መኪና ባትሪ ተውሶ ድልድዩ ጋ አመጣና መኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሳች። ወደ ሆቴሉ የሚመልሳት ግርማ እንዳይባል ተኝቷል። ስለዚህ አባባ አመጧት። ራሳቸው ነድተው፣ በቀኝ እግራቸው ብቻ። ግራው እንደተዘረጋ ነው፣ ምንም የጠየቀው የለም። ሱቄ ፊት ሲደርሱ ጥሩንባ ነፉ። እማዬ ማሾ ይለቅሙበት የነበረውን ሰፌድ እንደያዙ ወጥተው፣ ሲያዩዋቸው ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ፤ ማሾውን ከአቧራ ስንለቅም ዋልን።

ግርማ ከወባው አገግሞ ሻይ ቅጠል ሊገዛ ሲመጣ ያወጋኝን ደግሞ ልንገርህ። አባትሽ ደግ ሰው ናቸው፣ አንድ ነገራቸው ግን አልገባኝም አለ። ሊጠይቁኝ ሲገቡ፣ አባቴ ይህች መኪና አውቶማቲክ ናት፣ እስከ ደሴ ብትገፋም አትነሳም፣ ባትሪ ብቻ ያፈላልጉልኝ ብዬ ነግሬያቸው ነበር አለኝ። ገባህ አብዱረዛቅ? አባባ ያውቁ ነበር። ከተማውን በሙሉ በዚያ ፀሐይ ያስገፉት እያወቁ ነው። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ከሳቄ ብዛት ግርማ ደነገጠ። እሱ ሲሄድ ሱቁን ዘግቼ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ። እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ጓድ ንጉሤ ቢሰማ የሕዝቡን ጉልበት አባከኑ ብሎ ስብሰባ ይጠራል። ሮቢት ግን የመኪናዋን ዓይነት ኋላ ሰምታ፣ አውቶማቲክ ማለት የማይነሳ መኪና ነው ብላ ቆርጣለች። ሰማያዊቷን ሁሉም የሚያጣጥላት ያን ግፊት እያስታወሰ ነው።

ታዲያ አባባ ራሳቸው ለምን ማርሽ ያላትን ያምጣ አሉ ትለኝ ይሆናል። እማዬም ይህንኑ ሲጠይቋቸው ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ ሰምቻለሁ። ልጁ በሰው አገር ላቡን አፍስሶ ያመጣትን መኪና በእኔ እግር ልለካት እንዴ፣ ቢቸግረው የሚሸጣት፣ ቢፈልግ ታክሲ የሚያደርጋት ትሁንለት፣ እኔ እንደሆንኩ የነዳሁትን ያህል ነድቻለሁ አሏቸው። የጣርማ በሩም የባትሪውም ምክንያት የመጣው ከዚህ ነው። እሳቸው ለአንተ ሲያዝኑ፣ አንተ ደግሞ የእሳቸውን ቃል ስታከብር፣ ሁለታችሁ እየተዛዘናችሁ ነጯን ልታመጡብን ነው።

እኔ ሱቅ ነው የምጠብቀው፣ መኪና አላውቅም። ቢሆንም ግርማ በዚህ ባለፈ ቁጥር ያዝ አድርጌ ሳልጠይቀው አልቀረሁም። አውቶማቲክም ቁልቁለት ላይ ማርሹን ዝቅ አድርገው የሚይዙበት ቦታ አለው፣ ጣርማ በርን ስንቴ ወርጄበታለሁ ይላል። የተክሌ ነገር ግን እውነት ነው፣ አልሸነግልህም፤ የማርሽ ሳጥኗ፣ ካምቢዮዋ፣ ቢበላሽ አዲስ አበባ ተጭና ነው የምትሄደው። ቤንዚኑንም ጥቂት ትጨምራለች። ስለዚህ ዘይቷን ከዚያው ይዘህ ና፣ ትርፍ ባትሪም ካገኘህ እንዳታልፈው። ይህን ሁሉ አስቤ ስጨርስ ግን አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ነጯ ከመጣች አባባ ጎንህ ተቀምጠው አንተ ማርሹን ስትፈጭ እየሰሙ ይሳቀቃሉ። ሰማያዊቷ ከመጣች ይነዳሉ። ስለ ዱዓውም ተጨንቄ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ግን አላህ ኸይሩን ይምረጥለት ነው ያሉት፣ ፍሪሲዮን የሚል ቃል አልነበረበትም።

ሰማያዊቷን አምጣልን ወንድሜ። ለአባባ ስትጽፍላቸው ነጯ ተሸጠች ብለህ አትዋሽ፣ ይነቁብሃል። የወደድኩት ይህችን ነው በላቸው፤ ልጃቸው ወደደ ሲባል እሺ ይላሉ፣ እምቢ የሚሉት ለራሳቸው ሲሆን ነው። እግራቸውን ጨርሶ አታንሳ። ጀውሃ ድረስ ልንቀበልህ እንመጣለን፤ እዚያ ስትደርስ ከበረሃ ነው የመጣሁት፣ ደከመኝ በልና ቁልፉን ስጣቸው። ከዚያ የቀረውን እሳቸው ያውቁበታል። መንገድ ላይ ብትቆምም አይግረምህ፤ ሮቢት አልነሳ ያለችን መኪና መግፋት ታውቅበታለች። አባባን እወዳቸዋለሁ አብዱረዛቅ፤ የሰው መኪና ድምፅ እየሰሙ ሲያረጁ ማየት አልቻልኩም።

እማዬ ጉንጭህን አገላብጠው ስመውሃል፤ ሥጋህ ሟሟ ወይስ ደህና ነህ ብለሽ ጠይቂልኝ ብለዋል። ባለቤቴ የፈሪሃ አባት ሰላም ብሎሃል፤ እሱ የትኛዋም ብትመጣ እኔ የምቀመጠው ከኋላ ነው ይላል። ፈሪሃ አድጋ ከትከሻዬ ደርሳለች፣ አጎቴ ብላ ስምህን ደብተሯ ላይ ሁሉ ጽፋዋለች። ተክሌ ባይስማማም ሰላምታው ይድረስህ። እትዬ ወይንሸትም በሰላም ይመልስልን ብለዋል።

ይህን ጽፌ ልዘጋው ስል አባባ ዱላቸውን እያንኳኩ ገቡ። ጻፍሽለት ወይ አሉኝ። ያሉኝን አንድ ሳላስቀር ጻፍኩለት አልኳቸው፤ እውነቴን ነው። በርጩማው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘረጉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳዞሩ፣ ያቺ ሰማያዊት ያላት መኪና ሰማያዊነቷ ፈካ ያለ ነው ወይስ ጠቆር ይላል፣ ጽፎልሻል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልጻፈልኝም አልኳቸው። እባክህ ይዘሃት ናና ራሳቸው ይዩት።

እህትህ ሐጂራ አብዱልሃዲ
ሸዋ ሮቢት
ጥር 12 ቀን 1978 ዓ.ም.