ቁጥሩ የተፋቀው ፕሮሰሰር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

መልእክትህ ሰኞ ደረሰኝ። ስምንት ዓመት ዘግተኸኝ ኖረህ «እህት ዓለም፣ ደህና ነሽ ወይ?» ስትል የሆነ ነገር እንደቸገረህ ወዲያው ገባኝ። የብስኩት ፋብሪካው ምድጃ መቆጣጠሪያ ቦርድ ተቃጥሏል። የቦርዱ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር የትኛው ዓይነት እንደሆነ አታውቅም። ባለቤቱም «እስከ ወር መጨረሻ ካልሠራኸው እንለያያለን» ብሎሃል። እሰይ! አዘንኩልህ ልልህ ነበር፤ ውሸት ነው።

ያንን ቦርድ በእማ ሳሎን ውስጥ፣ ጣቴ በብየዳ እየተለበለበ የሠራሁት እኔ ነኝ። ፕሮግራሙም የእኔ ነው። የአንተ ድርሻ አንድ ብቻ ነበር፦ ልናስረክብ ስንል ብርጭቆ ወረቀት አምጥተህ ፕሮሰሰሩ ጀርባ ላይ የታተመውን ስምና ቁጥር ፍቀህ አጠፋኸው። «ምን መሆኑን ካወቁ ሌላ ሰው ይጠግነዋል፤ እኛን ማን ይጠራናል?» አልክ። እኔ ሞኟ «እኛ» ስትል አምኜህ አብሬህ ሳቅኩ። ቁጥሩን ግን አንተ አላነበብከውም ነበር፤ ምን ቸገረህ፣ እኔ አለሁልህ!

በርክክቡ ቀን ባለቤቱ «ይቺስ ማናት?» ሲልህ፣ ዓይኔን እያየህ «እህቴ ናት፣ ዕቃ ታቀብለኛለች» አልከው። አንተ ዋና መሐንዲስ ሆንክ፤ እኔን በሳምንቱ ዘበኛው ከበር መለሰኝ። እማ «ታላቅሽ አይደል፣ ቻይው» አለችኝ። እኔም ቻልኩት።

አሁን የፕሮሰሰሩን ስም ጠይቀኸኛል። እኔ እንደ አንተ አይደለሁም፣ አልደብቅህም፤ ከዚህ ወረቀት ጀርባ በትልቁ ጽፌዋለሁ። ሁለታችንም ከመወለዳችን በፊት ጀምሮ ሲመረት የኖረ ነው። አምራቹ ግን ዘንድሮ ማምረት በቃኝ ብሏል፤ የመጨረሻውን ትእዛዝ የተቀበለው ትናንት ሐሙስ ነው። እኔ ማክሰኞ ዕለት አዝዣለሁ፣ ለዕድሜ ልክ የሚበቃኝን። ልነግርህ ስልኩን ሁለቴ አነሳሁ፣ ሁለቴም መልሼ አስቀመጥኩት። ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት የማስገባው ዛሬ ዓርብ ነው።

ለባለቤቱም ጠዋት ደውዬ ቦርዱን ማን እንደሠራው ከነማስረጃው ነገርኩት፤ ፕሮግራሙም እጄ ላይ ነው አልኩት። «መቼ ትጀምሪያለሽ?» አለኝ።

የወሩ መጀመሪያ ላይ እመጣለሁ፤ ጠረጴዛህን አጽዳልኝ።

የእናትህ ልጅ