መምህሩስ ስንት ሰጠ?

ታዴ፣ የእኔ ለጋስ፣

እንደምን ከረምክ ብዬ ብጠይቅህ መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ግን ልማድ ነውና እንደምን ከረምክ? ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ ሊሆን ነው። ሙት ዓመትህን በወጉ አወጣን። እህትህ ከደብረ ማርቆስ ድረስ መጥታ ነበር፤ ጥቁሬን በግድ ያስወለቀችኝ እሷ ናት። አወለቅሁላት። ኀዘኑ ከልብሱ ጋር የሚወልቅ መስሏት ከሆነ ግን ተሳስታለች።

ቤቱ ደህና ነው። ስታማርርበት የኖርከው የጓዳው ጣሪያ ተጠገነ፤ አሁን ሲዘንብ ባልዲ አልደቅንም። ውኃው እንደ ድሮው ነው፣ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ልጃችን ሰላም በቁመት አልፋኛለች፤ በሒሳብ አንተን፣ በምላስ እኔን ወጥታለች፣ አስተማሪዎቿም በምላሷ ይማረራሉ። ወንበርህ ላይ ማንም አይቀመጥም ብዬ አልዋሽህም። እኔ እቀመጥበታለሁ፤ ለንባብ የሚበቃ ብርሃን ያለው እሱ ጋ ነው።

አዎ፣ አሁንም አነባለሁ። መጽሐፉንም የማመጣው ከዚያው ከኤረር በር፣ ከመጽሐፍ አከራዩ ከአው ዩሱፍ ሱቅ ነው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ማንበብ ስለተሳናቸው፣ ያከራዩትን መጽሐፍ የሚመልስላቸውን ሁሉ ከአሥር ስንት ትሰጠዋለህ ብለው ሳይጠይቁ አይለቁም። የሰሙትን በቃላቸው ይዘው ለሚቀጥለው ሰው ይነግሩታል። እኔና አንተ አንዱን መጽሐፍ ተራ በተራ አንብበን፣ እጃችንን ከጀርባችን ደብቀን፣ ማርካችንን በጣታችን ቆጥረን በአንድ ጊዜ እናወጣ ነበር። አንተ ከስድስት ወርደህ አታውቅም። ደራሲው ደክሟል፣ ድካሙ ብቻውን ማለፊያ ነው ትላለህ። ተማሪ አትጥል፣ መጽሐፍ አትጥል! እኔ ደግሞ አምስት ከሰጠሁ ደግ ቀን ውያለሁ ማለት ነው። ኋላማ ሰዉ «መምህሩና ሚስቱ የተጣሉበትን ስጡኝ» እያለ ይከራይ ጀመር።

ከተዝካርህ በኋላ እቤት የቀረውን መጽሐፍ ልመልስ ሄድኩ። አው ዩሱፍ አላህ ያጽናሽ ልጄ ብለው አለቀሱ። ከዚያ የእኔን ማርክ ሰሙና፣ አፋቸው አምልጧቸው «መምህሩስ ስንት ሰጠ?» አሉ። ወዲያው ክው ብለው ቀሩ። እኔ ግን ሰባት አልኳቸው። ሰባት ነበር የምትሰጠው፤ እንደ ስሜ አውቀው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለታችንም እንዳላወቅን ሆነን ቀጠልንበት። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ ያንተን እናገራለሁ። አብደሻል በለኝ። እዚያች ሱቅ በር ላይ ግን ባል ነበረኝ።

እስቲ የከረምኩበትን ልንገርህ። የባላባት ልጅና የጭሰኛ ልጅ የሚፋቀሩበት አንድ ወፍራም መጽሐፍ አለ። ደራሲው መጨረሻው ላይ ምን እንደነካው እንጃ ሁሉንም ፈጃቸው፤ በቅሎዋ እንኳ አልተረፈችም። ሦስት ሰጠሁት። አንተ ስድስት ሰጥተህ ለበቅሎዋ ስታዝን ትሰነብት ነበር። ከሩሲያ ቋንቋ የተተረጎመም አንብቤያለሁ። የአንዱ ሰው ስም ሦስት ሆኖ ያደናግራል፣ በረዶውም ማለቂያ የለው። ነገር ግን አንዲት ሴት የሟች ባሏን ኮት ፀሐይ ላይ የምታሰጣበት ቦታ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁና ካፖርትህን ከሣጥን አወጣሁ። ሽታህ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ስምንት ሰጠሁት፤ አንተ ዘጠኝ ትል ነበር፣ በአንድ ካልበለጥከኝ እንቅልፍ አይወስድህም። የገበሬ ማኅበሩን መጽሐፍ ተወው። ጀግናው ከጠዋት እስከ ማታ ንግግር ያደርጋል፣ እህል ሲቀምስ ግን አይታይም። ግራ ቀኙን አይቼ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሁለት አልኩ። ያንተ ያው ስድስት፤ ደራሲው ደክሟላ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ያዝኩ። ባልና ሚስት ናቸው፤ ከአንዲት ጠባብ ግቢ ሳይወጡ፣ በሆነ ባልሆነው ሲነታረኩ ያረጃሉ። ሌላ ምንም አይሆንም። አይሞቱም፣ አይለያዩም። ማርጀታቸው አንገበገበኝ፣ ቀናሁባቸው። ስጨርስ እንደ ልማዴ ያንተን ማርክ ጠበቅሁ። አልመጣም። ስድስት ትለው ነበር? ዘጠኝ? ወይስ የመጀመሪያዋ የምትጥላት እሷ ትሆን ነበር? ድምፅህን ፈለግሁት። ሳልህን አገኘሁ፣ ሳቅህን አገኘሁ፣ ስለዚህች መጽሐፍ የምትለውን ግን ከየትም ላገኘው አልቻልኩም። ታዴ፣ የቀበርንህ ዕለት ለቅሶው፣ ድንኳኑ፣ እንግዳው አልፋታኝ ብሎ ነበር። የሞትክብኝ ግን መጽሐፏን የጨረስኩ ቀን ነው።

ልዋሽላቸው አስቤ ነበር፤ ስድስት ማለት ምን ይከብዳል? ሆኖም ያላልከውን በአፍህ ማስገባት መስሎ ተሰማኝ። አው ዩሱፍ መጽሐፏን ተቀብለው መምህሩስ ሲሉኝ፣ አላውቅም አልኳቸው። መጽሐፏን በእጃቸው ዳበሱና፣

«እንግዲያው ልጄ፣ ያንቺን ብቻ ንገሪኝ» አሉኝ።

ዘጠኝ አልኩና እዚያው ደፉ ላይ ተቀምጬ ተንሰቀሰቅሁ። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ እንኳ አላየሁም። አው ዩሱፍ እስኪወጣልኝ ድረስ አጠገቤ ቆሙ፤ ለማንም መጽሐፍ አልሰጡም።

ከእንግዲህ የማነበው ሁሉ አንተ የማታውቀው ነው። ስለዚህ ያንተን ማርክ አልናገርልህም፤ በሕይወት ሳለህ ያልከውን ግን ከያንዳንዱ መጽሐፍ ጋር አንድ ባንድ አስታውሰዋለሁ፣ ለሰላምም እነግራታለሁ፣ ሌላ ሰው አሳስቶ ቢጠራው አርመዋለሁ። ይህን ቃል ገብቼልሃለሁ። ትናንት ጎረቤታችን ያቺን ቀጭን መጽሐፍ ተከራይታ መጣች። አው ዩሱፍ ሲሰጧት «ይቺን የመምህሩ ሚስት ዘጠኝ ሰጥታታለች» ብለዋታል። ሚስት ነው ያሉት እንጂ መበለት አላሉም።

ሚስትህ አስቴር