ከርግቦቻችን ጋር ያሸግሁት ቀበሮ

ለወንድሜ ለሴይፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህ እንዴት ነው? ፋብሪካው አሁንም ያንን ከባድ ሥራ ያሠራሃል ወይ? ባለቤትህ ኔቪን፣ ልጆችህ ኦርሁንና ሲዲቃ ደህና ናቸው ወይ? እኛ አላህ ይመስገን አለን። የእኔ ጉልበት ቁልቁለት ሲያይ ይለግማል። የባለቤቴ የዶንዱ ምላስ ግን እንደ ድሮው ነው፤ አልደከመም።

የምጽፍልህ ስለ ርግብ ቤታችን ነው። አምና መጥተህ “ድርሻዬን ለእንግዳ ማረፊያ ሠሪው ልሽጥ” ስትለኝ፣ በጎረቤታችን በቬይሰል ፊት፣ “አንዲት ርግብ እስካለችበት ድረስ አይሸጥም። ርግብ ካጣ ግን ሽጠው፤ እኔም እፈርማለሁ” ብዬህ ነበር። ያን ቃል በኩራት ነው የሰጠሁህ። አያታችን ከአለቱ ከፈለፈለው ጀምሮ ርግብ አጥቶ አያውቅማ።

አሁን የሆነውን ስማ፤ እስክጨርስም አትሳቅ።

ወይኑ እንደተለቀመ፣ በየዓመቱ እንደምናደርገው፣ የተደፈነውን በር አፍርሼ ለወይኑ ማዳበሪያ የሚሆነውን ኩስ ማውጣት ጀመርሁ። እኔና ቬይሰል ጆንያ ተሸክመን ወደ አህዮቹ ስንመላለስ በሩ ክፍቱን ዋለ። አመሻሽ ላይ ድንጋዩን ደርድሬ ጭቃውን ልመርግ ስል ዶንዱ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ከመድፈንህ በፊት ፋኖስ ይዘህ ግባና እይ” አለችኝ። “አርባ ዓመት የደፈንሁትን በር አንቺ ነሽ የምታስተምሪኝ?” አልኋት። ደፈንሁት፤ በመዳፌም አለሰለስሁት።

ቀበሮው ውስጥ ነበር።

በማግስቱ ርግቦቹ ከቤቱ በላይ ይዞራሉ፣ አይገቡም። ቬይሰልን “ያቺ ሌባ ድመትህ ናት!” ብዬ ጮኽሁበት። “ጋሼ ዱርሱን፣ የእኔ ድመት ክንፍ አላበቀለችም! በየት በኩል ትገባለች?” አለኝ። እውነቱን ነው፤ አውሬ እንዳይቧጥጥ ብዬ ርግቦቹ የሚገቡባቸውን የላይኞቹን መስኮቶች ዙሪያ በኖራ ያለሰለስሁት እኔው ነኝ። ቢሆንም ሁለት ቀን ሰላምታ ነሳሁት። በሦስተኛው ቀን ከበሩ ጀርባ የሚቧጭር ነገር ሰማሁ።

የሚያንገበግበኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ለዚህ መንደር ስለ ቀበሮ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ከሩቅ ተራራ ይመጣል ይሉ ነበር። ሃያ ክረምት በበረዶ ላይ ዱካውን ተከትዬ ግን ጉድጓዱ እዚሁ ከሚሽሚሹ ዛፍ በታች፣ ሌላ አውሬ በተወው ዋሻ ውስጥ መሆኑን አገኘሁ። ግዛቱ ከወንዙ እስከ ጋራው ጫፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሌላ ቀበሮ ነው። ድንበሩን በዓይነ ምድሩና በሽንቱ ያስታውቃል። አይጥ፣ ጥንዚዛ፣ የረገፈ ሚሽሚሽ፣ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለ ወይን፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ የተረፈውን ይቀብራል። አንተም እዚያ ከተማችሁ ውስጥ በባቡር ሐዲድ ላይ ሲሄድ አየሁት ብለህ ጽፈህልኛል። የማይኖርበት አገር የለም። መሸሽ የማይችል ነገር መሃል ከገባ ደግሞ ለረሃቡ ብቻ አይገድልም፤ የሚርገበገበው እስኪያልቅ ይገድላል። “የዶሮ ቤት ከመዝጋታችሁ በፊት ውስጡን እዩ” እያልሁ ስንቱን ሰው ተቆጥቻለሁ!

በሩን ሳፈርሰው ወለሉ ላባ ብቻ ነበር። ከገደላቸው ርግቦች ግማሾቹን በቀረው ኩስ ውስጥ ቀብሯቸዋል። እሱ ጥግ ይዞ ተቀምጧል፤ ያ ነጭ የጅራቱ ጫፍ በአቧራ ጠቁሯል። አካፋ በእጄ ነው። ቬይሰል “በለው ጋሼ! በለው እንጂ!” ይላል። አልመታሁትም። ራሴ ያሰርሁትን በምን ፍርድ እመታዋለሁ? በአጠገቤ አልፎ ሄደ። ትንሽ እንኳ አልቸኮለም፤ ከሁሉ ይልቅ ያናደደኝ እሱ ነው።

ሻይ ቤት መግባት ትቻለሁ። “ጋሼ ዱርሱን፣ ዘንድሮ የቀበሮ እርባታ እንዴት ይዞሃል?” ይሉኛል፤ እኔ ፊደል ያስቆጠርኋቸው ሰዎች!

ቤቱን ጠረግሁ፣ ኖራ ቀባሁ፣ አምስት ሳምንት ሙሉ ስንዴ በተንሁ። የተረፉት ርግቦች ከሸለቆው ማዶ ቬይሰል ርግብ ቤት ገብተው የእሱ ሆነዋል። ቬይሰል ስድስቱን በቅርጫት ይዞልኝ መጣ። “መስኮቱን ሳምንት ዝጋባቸው፣ ይለምዳሉ። አንዲት ብትኖር ቃልህ አልፈረሰም። ሴይፊ ጀርመን ተቀምጦ ላባ ይቆጥራል እንዴ?” አለኝ። ዶንዱም “ደህና ናቸው ብለህ ጻፍለት፤ ማን ይጠይቅሃል?” አለች። ሁለቱንም ተቆጣኋቸው፤ ቅርጫቱንም መለስሁ። ርግብ እስካለች አልሁህ እንጂ ርግብ እስከተዋስሁ አላልሁህም።

ስለዚህ ቤቱ ባዶ ነው። ወረቀቱን ላክ፣ እፈርማለሁ። ጥፋቱ የአንተ አይደለም ብለህ እንዳታባብለኝ፤ የእኔ ነው። ደስ ካለህም ደስታህን እዚያው ጨርስ፤ በደብዳቤ እንዳታሳየኝ። በረዶው ቀልጦ ርግብ ጎጆ በምትሠራበት ወራት፣ የሸሹት አንዳንዴ ይመለሳሉ። ይህን የምነግርህ እንድታውቀው ነው እንጂ እንድትጠብቅ አይደለም።

ኔቪንን ሰላም በልልኝ፤ ወገብህን በሱፍ ታስርልህ። ኦርሁን ትምህርቱን እንዳይተው፤ ሲዲቃን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። ዶንዱ ሁላችሁንም ትስማለች። ቬይሰልም ሰላም ብሏል፤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ታላቅ ወንድምህ ዱርሱን
ከኡርጉፕ አጠገብ፣ ካራኮቫ መንደር
ኖቬምበር 27 ቀን 1988