ቅቤውን ማን አቀመሰው?

ኅዳር 3፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

ልጄ አናስ አሁንም ጡት እምቢ አለ። ያዘ፣ ሁለቴ ሳበ፣ ፊቱን አዞረ። ልክ እንደ ጠገበ ሰው። ማን አጠገበው? አፉን አሸተትኩት። ቅቤ! ለጋ ቅቤ። ወላሂ፣ ደብተሬ፣ አፍንጫዬ አልተሳሳተም።

ቀን ቀን እዚህ ቤት ያለነው ሦስት ሴቶች ነን። አራሷ እኔ። ጠዋት ከሰቶ ሰመሮ ሰፈር ገንፎ ይዛ መጥታ ማታ የምትመለሰው እናቴ። እና አማቴ አዴ ዘይነባ። አዴ ከአጋሮ ስትመጣ ቅል ሙሉ ቅቤ ይዛ ነው የመጣችው። ለአራሷ ነው አለች። (ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ። እዚህ ማን ያየኛል!)

አዋላጇ እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውሃም ቢሆን እንዳትሰጡት ብላናለች። ሁለቱም አያቶች እሺ፣ እሺ አሉ። አሮጊት ቶሎ እሺ ስትል መጠርጠር ነበረብኝ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

አራስ ንግሥት ናት ይሉኝ ነበር። በሯን መዝጋት የማትችል ንግሥት የት አገር አለች? ሕፃን ሲተኛ ተኚ አሉኝ። እሱ የሚተኛው እንግዳ ሲመጣ ነው። እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው ተብሎ ይመረቅና፣ እንግዳው ጫማውን ሳያጠልቅ ለቅሶ ይጀምራል። ተመካክረው ነው እንዴ? አሁን ደግሞ ልጁን መጠርጠር ጀመርኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ገና ስታዪው ፍቅር ይወርድብሻል ብለውኝም ነበር። በእኔ ላይ የወረደው ፍርሃት ነው። ፍቅሩ ከሥሩ ይኖር ይሆናል። ለመፈለግ ጊዜ አላገኘሁም።

ባሌ ኑሪ የለም። የቡና ለቀማ ወቅት ነው፤ በኢሱዙ እሸት ቡና ሲያመላልስ ይከርማል። ደውዬ ስለ ቅቤው ነገርኩት። እናቴ አታደርገውም አለ። የማን እናት ታደርጋለች! የቅቤውን ላይ በማንኪያ አስተካክዬ መልሼ ከደንኩት። እናያለን።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ፣ ማታ

ቅሉን ከፈትኩ። የጣት ፈለግ። አንዲት ጣት፣ ጥልቅ ብላ የወጣች።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ድረስ መጥታ መዘነችው። ኪሎው ወርዷል። ምን እየሰጠሽው ነው አለችኝ። ጡት ብቻ አልኳት። ሰኞ እመለሳለሁ፣ ካልጨመረ ጤ/ጣቢያ ይገባል ብላ ሄደች።

አዴ ጓሮ ልጁን ፀሐይ እያሞቀች በስልክ ታወራለች። በኦሮምኛ፣ ድምፅዋን ቀንሳ። ጅማ ተወልጄ ኦሮምኛ ሊያመልጠኝ! መስኮቱ ሥር ተጠጋሁ። ሴትዮዋ ነገ ትመጣለች፣ እንጥሉን፣ ቶሎ... ስታየኝ ስልኩን ዘጋች።

እንጥል! ሕፃን ጡት እምቢ ካለ እንጥሉ ወርዶ ነው ይላሉ። በብረት የምትቆርጥ ሴት ይጠራሉ። አዋላጇ ስንት ሕፃን በዚህ ደም ፈሶት እንደመጣባት ነግራናለች። እሷ ስትናገር አዴ የገዛ እግሯን እያየች ነበር። አሁን ገባኝ።

ለእማ ሁሉንም ነገርኳት። ቅቤውን፣ ስልኩን። ፀጉሬን ዳበሰችኝ፣ አንቺ ብቻ ብዪ አለችኝ። ቢያንስ አንድ የማምነው ሰው አለኝ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ፣ ረፋድ

አደረግሁት። አዴን አሰናበትኳት። በጨዋ ደንብ። ቡናዎ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ያለጠባቂ ይቀራል፣ እኔን እማ ትበቃኛለች አልኳት። ገብቷታል። እሺ ኢንታለ ኮ አለችና ጓዟን ማሰር ጀመረች። ልጄ ማለቷ ነው። ስታሞኘኝ!

አናስን ለእማ ሰጠሁ። ገላዬን ልታጠብ። ስንት ጊዜ ሆነኝ ተረጋግቼ ከታጠብኩ።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

በተርታ ልጻፈው።

ሳሙናው ላዬ ላይ እያለ ጩኸት ሰማሁ። ፎጣ ጠቅልዬ ወጣሁ። አዴ ዘይነባ ጓዛቸውን መሬት ጥለው፣ ሁለት እጃቸውን በበሩ መቃን ላይ ዘርግተው ቆመዋል። ደጅ አንዲት የማላውቃት ሴት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዛ። ቤት ውስጥ እናቴ፣ አናስን ታቅፋ። ያሳልፏት እያለች ትለምናለች። እናቴ!

“ሂንደብርቱ!” አሉ አዴ። “አታልፍም! መጀመሪያ እኔን ትቁረጠኝ!”

ሴትዮዋ ብረቷን እንደያዘች ተመለሰች። እማ መሬት ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቅቤውም የእሷ ነው። ወተቴ ቀጭን መሰላት፣ ጠዋት ጠዋት በጣቷ ታልሰው ነበር። አንቺንም ያሳደግኩሽ በዚሁ ነው አለች። በቅቤ ታጠግበዋለች፣ ጠግቦ ጡት ሲተው እንጥሉ ወረደ ብላ ትደነግጣለች። ገዳይ ብትሆን እጠላት ነበር። ግን የልጅ ልጇ እየከሳባት ነው ያበደችው።

ስልኩ ለኑሪ ነበር። አዴ፣ እማ ከሴትዮዋ ጋር ስትቀጣጠር ሰምተው፣ ቶሎ ና አስቁማት እያሉት ነበር። ለምን ለእኔ አልነገሩኝም አልኳቸው። እናትና ልጅ ማጣላት የአማት ሥራ አይደለም አሉኝ። ከዚያ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳይለውጡ፣ ከኑሪ በፊት ሴት ልጅ እንደነበረቻቸው ነገሩኝ። እንጥሏን አስቆረጧት። ደሙ አልቆመም። እግሯን የያዙት እሳቸው ናቸው።

ቆዩ ብዬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። አነሱኝ፣ ግንባሬን ሳሙ። ግን ሂጂ ከተባልኩበት ቤት አላድርም ብለው በባጃጅ ሄዱ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ይጠባል! ትናንት ቀኑን ሙሉ፣ ዛሬም። ላብ በላብ እስኪሆን። ኤክስቴንሽኗ መዘነችው፣ ጨምሯል። ትንሽ ነው፣ ግን ጨምሯል። እሷ ስትወጣ እያየሁት አለቀስኩ። አሁን ፍርሃት ብቻ አይደለም።

እማ ከቅዳሜ ወዲህ አልመጣችም። ተናድጃለሁ። ናፍቃኛለች። አዴ ስልክ ያነሳሉ፣ ደህና ነን አልሐምዱሊላህ ይላሉ፣ ይዘጋሉ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ፣ ማለዳ

ወስኛለሁ። ኑሪ ማታ ገብቷል፣ ዛሬ ባዶውን ወደ አጋሮ ይመለሳል። ከነልጄ አብሬው እሄዳለሁ። አራስ አርባዋ ሳይሞላ ከቤት አትወጣም ይላሉ፤ ብርድ አለ፣ ጂን አለ፣ የሰው ዓይን አለ። ይኑር። በሰው ፊት ያባረርኩትን ሰው በስልክ ይቅርታ አልጠይቅም።

በር ተንኳኳ። እማ ናት። ገንፎ የለም። የክት ሻሿን አስራለች፣ ዘንቢል አንጠልጥላለች። መሄዳችንን ኑሪ ነው የነገራት። እኔም እመጣለሁ፣ ለዘይነባ የምላት አለኝ አለች። ምን ልትላቸው? ይቅርታ? ወይስ ሙግት? ዘንቢሉ ውስጥስ ምን አለ? ዓይኗ አብጧል። አላምናትም። ደግሞ ሌላ እናት የለኝም።

ኑሪ ሞተሩን አስነስቷል። ጋቢናው ይበቃናል። ግቢ፣ መሃል ተቀመጪ አልኳት። ልጁን ግን እኔ እይዘዋለሁ።