የዘይነባ ደብተር

ተሰማዬ፣

አፈር ከለበስክ ስምንት ወር ሆነ። ሸዋ በር ያለው ቤታችን እንደነበረ ነው። ክረምቱ ጣሪያውን ቢያፈሰውም አስጠግኜዋለሁ። ከመስኮቱ ላይ የደረደርካቸውን ጠርሙሶች ግን ጥያቸዋለሁ፤ ይቅርታም አልጠይቅህ።

ስንት ዓመት ሙሉ ማለዳ ጀጎል ግንብ ውስጥ ገብተህ፣ ኤረር በር አጠገብ ስፌት ከምትሰፋው ከዘይነባ ቤት ሽንቷን በጠርሙስ ይዘህ ትመጣ ነበር። ሰማያዊ መድኃኒት ጨምረህ ታፈላዋለህ። ስኳሩ በዝቶ ቀለሙ ወደ ቀይ ሲዞር ፊትህ ይጠቁራል፤ ሰማያዊ እንደሆነ ሲቀር ታፏጫለህ። ለእኔ አፏጭተህ አታውቅም። የስኳር በሽታዋን እየመረመርኩ ነው ትለኝ ነበር። ተደብቃ የበላቻትን ተምር እንኳ ታውቅባታለህ። እኔስ በልቼ እንደሆነ መች ጠየቅከኝ? ቀንቻለሁ ተሰማ፤ አሁንም እቀናለሁ።

ከተቀበርክ በኋላ ዘይነባ መጥታ ምግቧን የጻፍክበትን ደብተር ጠየቀችኝ። ጠፍቷል አልኳት። ሣጥኔ ውስጥ ከነጠላዬ ሥር ነበር። ሁለተኛም መጣች፣ ያንኑ መለስኩላት። ባለፈው ወር ግን ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ ከመክሳቷ የተነሣ አምባሯ ከእጇ ሊወልቅ ደርሷል።

«ወላሂ እህቴ፣ ምን ልብላ? የምበላውን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ» አለችኝ።

ነገ ነይ ብዬ በሩን ዘጋሁባትና ደብተሩን አወጣሁት። እውነቱን ልንገርህ፣ ለእሷ ብዬ አይደለም፤ ምን ያህል እንዳሞገስካት ለማየት ነው።

በግራው ገጽ ዘይነባ ይላል፤ የሚስማማትና የማይስማማት ምግብ ተዘርዝሯል። በቀኙ ደግሞ «እቤት፣ ጤነኛ፣ ለማነጻጸር»። ከሥሩ የእኔ ምግብ በየቀኑ ተጽፏል። «ጾም፤ ሽሮ።» «ጎመን፤ ጥቂት።» በተጣላንበት ቀን ደግሞ «ቁርስ አልበላችም፤ ተቆጥታለች።» ሳትጠይቀኝ ከማዕድ ላይ ስትቆጥርልኝ ኖረሃል። ለእሷ ብለህ ይሁን ለእኔ ብለህ አላውቅም። ሳቅሁም አለቀስኩም።

ደብተሩን አልሰጠኋትም። አንተው ባስተማርከኝ ፊደል የእሷን ገጾች ገለበጥኩላት፤ ማንበብ ስለማትችልም በቃሏ እስክትይዘው ድረስ እየተመላለስኩ አነበብኩላት። ትናንት በእግሯ ገበያ ወጥታለች። የቀኙ ገጾች የእኔ ናቸው፤ ለማንም አላሳይም።

ባዶ የቀሩትን እኔ እሞላልሃለሁ፣ እስክንገናኝ። የዛሬው ይኸውልህ፦ ግማሽ እንጀራ በሽሮ። ቁርስ አልበላሁም። አልተቆጣሁም፤ አንተን ሳነብ ረፍዶብኝ ነው።