ተኝቶ የሚበላ ስልክ የተጸየፉት የአቶ በርናባስ ሽበሺ የሕይወት ታሪክ

አቶ በርናባስ ሽበሺ ከአባታቸው ከአቶ ሽበሺ ላሊሶ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወርቅነሽ ዳና፣ በወላይታ ቦዲቲ ከተማ አጠገብ ጥቅምት 12 ቀን 1957 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው አራተኛ ልጅ ናቸው። እናታቸው ሲያወሩ እንደነበረው፣ በርናባስ በሕፃንነታቸው የጠሉትን ምግብ አይተፉም ነበር፤ አፋቸው ውስጥ ይዘው ያጎረሳቸውን ሰው ትክ ብለው ያዩታል። ያ አተያይ እስከ መጨረሻው አልተለያቸውም። እዚህ ከቆምነው መካከል ያልደረሰበት ጥቂት ነው።

አንደኛ ደረጃን በቦዲቲ፣ ሁለተኛ ደረጃን በሶዶ እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል ተምረዋል። አባታቸው ሲያርፉ ትምህርቱን አቋርጠው በ1976 ዓ.ም. ሀዋሳ አጎታቸው ዘንድ ገቡ። ሬዲዮ መጠገን ያስተማራቸው ሰው የለም፤ አስተማሪያቸው የተበላሸ ሬዲዮ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ ዓመታት አቧራ የጠጣ ሬዲዮውን ይዞ ለጥገና ያልተሰለፈ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ዜና መስማት ፈለገ። በዚያ ወረፋ ነው ዛሬ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ በሚባለው ሰፈር ሱቃቸውን የከፈቱት።

በ1988 ዓ.ም. ከወ/ሮ ደስታነሽ ፎላ ጋር በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸው ጋብቻ ፈጽመው ሐዳሳንና ኦሊያድን አፍርተዋል። የተዋወቁት ወ/ሮ ደስታነሽ ቴፕ ሊያሠሩ በመጡ ጊዜ ነው። አቶ በርናባስ ቴፑን ከፍተው አዩና፣ “ቴፑ ደህና ነው፤ የተበላሸው የካሴት ምርጫሽ ነው” አሏቸው። ወ/ሮ ደስታነሽ ይህን ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላም ቃል በቃል ያስታውሱታል።

ሞባይል ሀዋሳ ሲገባ ሬዲዮውን ትተው ወደ ስልክ ዞሩ። የመጀመሪያዎቹን ባለ ቁልፍ ስልኮች ያከብሯቸው ነበር። አንዴ ቻርጅ ከተደረጉ ሳምንት ይከርማሉ። “ሲጠሩት አቤት ይላል፤ ካልጠሩት አርፎ ይተኛል። ሰው እንዲህ አይደለም” ይሉ ነበር። የተኛን ስልክ ከኤሌክትሪክ መለኪያቸው ጋር አገናኝተው ምን ያህል እንደሚበላ ያያሉ፤ ሁለት ሚሊአምፒር፣ ቢበዛ ሦስት። በልጆቻቸው የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ስልኩን በየዓይነቱ ይመዘግባሉ። አራት ደብተሮች ሞልተው ቤት አሉ።

በ2003 ዓ.ም. ገደማ ተች ስልክ ከተማውን ሞላ፤ መጸየፋቸውም ያኔ በደንብ ጀመረ። ጠዋት የሞላ ስልክ ቀትር ላይ ሬሳ ነው። ሰው ሁሉ “ባትሪው ሞተ” እያለ ይመጣል። አቶ በርናባስ መለኪያው ላይ ሲያደርጉት ጉድ ነው፤ መስታወቱ ጠቁሮ፣ ባለቤቱ ኪሱ ውስጥ ከቶት፣ ስልኩ መቶ ሃያ ሚሊአምፒር ይበላል። ያኔ ሶፍትዌሩ፣ ለመጣ አፕሊኬሽን ሁሉ “እንዳትተኛ” ብሎ ስልኩን ቀስፎ የመያዝ መብት ሰጥቶ ነበር። የያዘ ደግሞ የሚለቅ አልነበረም። የባትሪ መብራት ለማብራት ብቻ የተጫነ አፕሊኬሽን፣ ባለቤቱ የት እንደዋለ በየደቂቃው ሲጠይቅ አግኝተው፣ “ኤጭ! መብራት ምን ብሎ ነው አድራሻዬን የሚፈልገው?” አሉ። ያቺ “ኤጭ” ከዚያ በኋላ የሱቁ ማስታወቂያ ሆነች።

በአጠገባቸው ባትሪና የስልክ ሽፋን የሚሸጡት ወዳጃቸው አቶ ጠሀ ነበሩ።

“በርናባስ፣ አንተ ባትሪው ደህና ነው እያልክ እኔ ለማን ልሽጥ?” ይሏቸዋል።

“ለሚቸኩል ሰው። ሞልቷል።”

ቀጥሎ ቻርጅ ቆጣቢ የሚባሉት አፕሊኬሽኖች መጡ። የመጥረጊያ ሥዕል አላቸው፤ ሲነኳቸው እየተሽከረከሩ ሌላውን አፕሊኬሽን ሁሉ ይገድላሉ። የተገደለው በደቂቃ ውስጥ ይነሣል፤ ለመነሣት ደግሞ ከበፊቱ እጥፍ ይበላል። ቆጣቢው እንደገና ይገድለዋል። አቶ በርናባስ ይህን ሲያዩ ውለው ራታቸውን ሳይበሉ ቀሩ። በዚያው ሰሞን በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ አንድ ለአምስት አደረጃጀት አስተያየት እንዲሰጡ ተጠይቀው፣ “አንዱ ሲሠራ አምስቱ ነቅተው የሚያዩት ከሆነ፣ ቻርጅ የሚጨርሰው ይኸው ነው” አሉ። ሰብሳቢው ሐሳቡ ገንቢ መሆኑን ገልጸው በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ አልተጠሩም።

በ2008 ዓ.ም. የመጡት ስልኮች የተሻሉ ነበሩ። ስልኩ ሳይነካ ሲቀመጥ ሶፍትዌሩ ራሱ አፕሊኬሽኖቹን አሰልፎ ያስጠብቃል፤ በየጊዜው በአንድነት ቀስቅሶ ጉዳያቸውን ያስጨርሳቸውና መልሶ ያስተኛቸዋል። አቶ በርናባስ ደስ አላቸው ማለት ይከብዳል፤ ኤጭ ግን አላሉም። የርካሽ ስልክ ሠሪዎች በዚያ ላይ የራሳቸውን ቆጣቢ ደረቡበት፤ የመጨረሻው ደረጃ ከተከፈተ፣ ስልኩ ሦስት ሚሊአምፒር ብቻ እየበላ ይተኛል። አቶ በርናባስ አምስት ዓመት ሙሉ የፈለጉት ቁጥር ይህ ነበር። ቁጥሩን አይተው ኮሩ። ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ከፈቱለት። ቆጣቢው ማንን እያስራበ ያንን ቁጥር እንዳመጣው አልጠየቁም።

አሁን የምንነግራችሁ፣ እሳቸው ራሳቸው በዚህ ቀን እንዲነበብ ያዘዙትን ነው።

በ2009 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ ፋብሪካ ውስጥ ስፌት የሚሠሩ አራት ልጆች ሱቃቸው መጡ። አራቱም በሰፈሩ በአንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ይዘውት የመጡት ስልክ ኡሙልኸይር የምትባል የስልጤ ልጅ ንብረት ሲሆን፣ ቻርጅ እንዲቆጥብ አቶ በርናባስ ራሳቸው ያስተካከሉላት ነበር። የሦስቱ ስልክ አንዱ ድምፁ የሞተ፣ ሁለቱ ለቤተሰብ የተላኩ ስለነበሩ አራቱን የሚቀሰቅሰው የእርሷ ነበር። በዚያ ሳምንት ሁለት ቀን ሳይጠራ ቀርቶ አራቱም ዘገዩ፤ በር ተዘጋባቸው፤ አንድ ቀን ቢደግሙ እንደሚባረሩ ተነገራቸው።

ሃሴት የምትባለው ቀድማ ተናገረች። “ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱን። ስልኩ ነው ወይስ እሷ? እሷ አጥፍታው እየተኛች ነው የምታስበላን።”

“ወላሂ አልነካሁትም ጋሼ” አለች ኡሙልኸይር።

አቶ በርናባስ ስልኩን መለኪያው ላይ አደረጉ። ሦስት ሚሊአምፒር። የስልኩን ሰዓት ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንዲጠራ ሞሉት፤ በደቂቃው ጮኸ።

“እንዲህ ያለ ጤነኛ ስልክ እዚህ ሱቅ ገብቶ አያውቅም” አሉ። “ስልክ አያንቀላፋም። የሚያንቀላፋው ሰው ነው።” ልጅቷንም በዚያ አተያያቸው አዩአት።

በዚያው ዕለት ልብሷ ከክፍሉ ወጥቶ በር ላይ ተቀመጠ። ኡሙልኸይር ስልኩን ለአቶ ጠሀ ሸጣ፣ ሥራዋንም ትታ ከሀዋሳ ወጣች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አቶ ጠሀ ስልኩን ለሌላ ደንበኛ እንዲያጸዱላቸው ይዘውት መጡ። “ይኼ ስልክ ግራ ገብቶኛል” አሏቸው። “የአዛን አፕሊኬሽን አለበት። ስነካካው በሰዓቱ አዛን ይላል፤ አስቀምጬው ከረሳሁት ዝም። ትናንት የቀትሩን፣ የዙህርን፣ አላለም። ዛሬም አላለም።”

አቶ በርናባስ ሥራቸውን አቆሙ። ነገሩ ያኔ ገባቸው፦ አራቱ ልጆች ይነሡ የነበረው በሱብሂ፣ በንጋቱ አዛን ነበር፤ ሦስቱ ክርስቲያኖችም በእርሷ አዛን ነው ለፈረቃ የሚነሡት። እሳቸው የፈተኑት የስልኩን የራሱን ሰዓት ነው። ቆጣቢው ደግሞ የሠሪውን ሰዓት አይነካም፤ ከውጭ የተጫነውን ነው የሚገድለው። ምን እንደሚቀሰቅሳት አልጠየቋትም። ቆጣቢውን አነሡና ስልኩን ሳይነኩ አስቀመጡት። በማግስቱ ቀትር ላይ አዛኑ ሱቁን ሞላው።

“ኤጭ” አሉ።

“ለስልኩ ነው?” አሉ አቶ ጠሀ።

“ለዳኛው።”

እሑድ ከአምልኮ ሲመለሱ ወደ ሦስቱ ልጆች ቤት ሄደው ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን በአንደበታቸው ነገሯቸው። ሃሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ “ልብሷን ያወጣሁት እኔ ነኝ ጋሼ” አለች። የኡሙልኸይር ስልክ ቁጥር ከሀዋሳ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ዝግ ነበር። አቶ በርናባስ በየቅዳሜው ይደውላሉ፤ የምትመልስላቸው ዝግ ነው የምትለዋ የመስመሩ ሴት ነበረች። በገበያ ቀን ሁለት ጊዜ ወደ ስልጤ፣ ወራቤ ከተማ ሄደው ጠይቀዋል። አቶ ጠሀም በዘመዶቻቸው በኩል አጠያይቀዋል። አልተገኘችም።

ከዚያ ወዲህ አቶ በርናባስ የማንንም ስልክ ከመንካታቸው በፊት “በምን ትነሣለህ?” ብለው ይጠይቁ ነበር። አንድ የባጃጅ ሾፌር “በሚስቴ ክርን” ቢላቸው፣ “እሷን አልነካም፤ ስጠኝ” አሉት። ቆጣቢውን ከደንበኞቻቸው ስልክ ሁሉ እየለቀሙ አነሡ። ቻርጅ ቶሎ አለቀብኝ ብሎ ወደ ሌላ ሱቅ የሄደ ብዙ ነው። አልለመኑትም። ልጃቸው ኦሊያድ አንድ ቀን “አባባ፣ ስልኩን የሠሩት ሰዎች ናቸው ጥፋተኞቹ” ቢላቸው፣ “እነሱን የት አውቃቸዋለሁ? እሷ እኮ እኔን አምና ነው የመጣችው” አሉት።

በ2010 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ይዟቸው በሀዋሳና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተዋል። ሐኪሞቹን ጨምሮ ማንንም ያላስቀየሙበት ቀን አልነበረም፤ የሆስፒታሉን ሾርባ አፋቸው ውስጥ ይዘው ነርሷን እንዴት እንዳዩአት ወ/ሮ ደስታነሽ ይነግሯችኋል። የካቲት 9 ቀን 2011 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው አርፈዋል።

አቶ በርናባስ ባለቤታቸውን ወ/ሮ ደስታነሽን፣ ልጆቻቸውን ሐዳሳንና ኦሊያድን፣ ሁለት እህቶቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። በመጨረሻው ሳምንታቸው ለሐዳሳ ያስጻፉት ቃል ይህ ነው፦ “ልጄ ኡሙልኸይር፣ አንቺ አልተኛሽም ነበር። ያላጠፋሽውን አጠፋሽ ብዬ በሰው ፊት የፈረድኩብሽ እኔ ነኝ። ጓደኞችሽም አውቀዋል።” ቤተሰቡ ከለቀስተኛው የሚጠይቀው ሌላ ነገር የለም፤ ይህ ቃል ለልጅቷ እንዲደርስ ብቻ።

ጌታ የበርናባስን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበላት፤ የቀሩትን ያጽናና፤ ልጅቷንም ያለችበት ቦታ ይጠብቃት። አሜን ከመባሉ በፊት አንባቢው ስሟን ጮክ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ይድገመው፤ እዚህ ከቆምነው መካከል የሚያውቃት ይኖር ይሆናልና፦ ኡሙልኸይር ከድር።